ማንጎ ላይ ወጥተሃል፤ አሁን በምን ትወርዳለህ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ አንድ ዘመድ ግቢ ማንጎ ልለቅም ወጣሁ። ትልቅ ዛፍ ነው። መሰላሉን ግንዱ ላይ አስደገፍኩ፣ ከመሰላሉ ጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተሻገርኩ፣ ሁለት ጆንያ ሙሉ ለቀምኩ። ልውረድ ብዬ ቁልቁል ሳይ መሰላሉ የለም። ጎረቤት የሠርግ ድንኳን ሲተክል "ለአምስት ደቂቃ ነው አቦ!" ብሎ ወስዶታል። የድሬን አምስት ደቂቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብጣራ ማን ይስማኝ? የድንኳኑ ሙዚቃ አፌን ዘጋው። እየመሸ ነው። በመጨረሻ ግንዱን አቅፌ ተንሸራተትኩ። ደረቴና ጭኔ ተላጠ፣ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፣ ሦስት ሳምንት አነከስኩ።

የሚያሳፍረው ሥራዬ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። ለዓመታት የስልክ ታወር ላይ አንቴና ስሰቅል ኖሬያለሁ። ታወር ላይ ሳልታሰር አንዲት እርምጃ አልራመድም። ማንጎው ላይ ግን "ደግሞ ለማንጎ!" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዛፍ ላይ የምወጣው መውረጃዬን ከመረጥኩ በኋላ ነው። እንዴት እንደምመርጥ ልንገርህ። በድሬ ልማድ "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ለአንቺም ነው።

መውጣት ይቀላል። ዓይንህ ወደ ላይ ያያል፣ እጅህ የሚይዘውን ይመርጣል። ስትወርድ ግን የሚመርጠው እግርህ ነው፤ እግር ደግሞ ዓይን የለውም። በዚያ ላይ ደክመሃል፣ እጅህ በማንጎ ሙጫ ተለውሷል፣ ልብህ ቤት ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች "ሳድል" የሚሉት መቀመጫ አላቸው። ኮርቻ ማለት ነው። ወገብና መቀመጫን የሚይዝ ሰፊ ቀበቶ ነው፤ በእሱ ከግንድ ጋር ታስረው እንስሳው እስኪመጣ ሰዓታት ይጠብቃሉ። የእኛ አገር ማሽላ ጠባቂ ማማ ላይ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው። እነሱም ዋናው ጭንቀታቸው መቀመጡ አይደለም፤ በጨለማ፣ በደነዘዘ እግር፣ መሣሪያ ይዞ መውረዱ ነው። ከታች የምነግርህን የገመድ አወራረድ አንዳንዶቹ ይጠቀሙበታል። ለማንጎም፣ ለሁመርም፣ ለሾላም ይሆናል። ለፓፓያ ግን አይሆንም። ፓፓያ ግንዱ ባዶ ነው፤ በምንም አትውጣበት።

መሬት ላይ ቆመህ የምትጨርሰው

ከመውጣትህ በፊት ዛፉን አንድ ጊዜ ዙረው። መጀመሪያ የምታየው የመብራት ሽቦ ነው። ሽቦ በቅርንጫፎቹ መሃል ካለፈ ወይም ከዛፉ ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ካለ ጉዳዩ አበቃ፤ አትወጣም። መብራት ኃይል ይጠራ። እርጥብ ገመድና እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ።

ቀጥሎ ንብ። ያረጀ ማንጎ ግንዱ ውስጥ ክፍተት ይኖረዋል፣ ንብ ደግሞ ክፍተት ይወዳል። ወዲያ ወዲህ የሚበሩ ንቦች ወደ አንድ ቀዳዳ ሲገቡ ካየህ ተመለስ። ንብ የተነሳበት ሰው ገመድ አያስርም፤ ይዘላል። ጉንዳንም እንደዚያው ነው፤ እጅን ያስለቅቃል።

ከዚያ ቅርንጫፍ። ቅጠል የሌለው፣ ልጡ የተላጠ፣ እንጉዳይ ያበቀለ፣ የነቀዝ ቀዳዳ ያለበት ቅርንጫፍ ሬሳ ነው። በመዶሻ እጀታ ምታው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ አትመነው። ሁለት ግንዶች በጠባቡ ተጣብቀው ያደጉበት፣ በመሃላቸው ልጥ የተቀረቀረበት ቦታም ደካማ ነው። ጥሩ መጋጠሚያ ሰፋ ብሎ የተከፈተ ነው።

ሰዓትም ምረጥ። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከረፋዱ በኋላ ዛፍ ላይ መቆየት ራስን መቀቀል ነው። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እወርዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በርጫ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስለዋል። ከጫት በኋላ የገባህ ሐሳብ ሁሉ ለነገ ይደር፣ ዛፍ መውጣት ደግሞ ለነገ ወዲያ።

አለባበስም ቀላል ነገር አይደለም። ሽርጥ ለቤት ነው። የሚንጠለጠል ጨርቅ፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ የአንገት ልብስ ገመድ የሚያልፍበት ብረት ውስጥ ይገባና ይቀረቅርሃል። ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ጓንት፣ ሄልሜት። የማንጎ ሙጫ ቆዳ ያቃጥላል፤ ረጅሙ እጅጌ ለዚያም ነው።

በመጨረሻ ከታች የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ልጅ አይደለም፣ አዋቂ። ዋና ሥራው ሁለት ነው፤ ቁልቁል ከሚወድቅ ነገር መራቅና መሰላል እንዳይወሰድ መጠበቅ።

አሁን ምርጫው ላይ ደረስን። አራት መንገድ አለ።

መሰላል

የምትለቅምበት ቦታ ከመሰላሉ ጫፍ በታች ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሌላውን ክፍል አታንብብ። መሰላሉ አራት ሜትር ከፍ ሲል እግሩ ከግንዱ አንድ ሜትር ይራቅ። ጫፉ ከምትሻገርበት ቦታ አንድ ሜትር ያህል ይለፍ፣ የምትይዘው እንዲኖርህ። ጫፉን ከግንዱ ጋር እሰረው። ይህን የሚያደርግ ሰው አላየሁም፤ የሚወድቀውን ግን ብዙ አይቻለሁ።

አደጋው ከቅርንጫፍ ወደ መሰላል ስትመለስ ነው። ፊትህ ወደ ግንዱ ይሁን። ሁለት እግርህና አንድ እጅህ መሰላሉ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ከወገብህ ቀበቶ ወደ ዛፉ የታሰረውን አጭር ገመድ አትፍታ።

ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ በሁለት አጭር ገመድ

ዛፉ እንደ ደረጃ የተደረደረ ቅርንጫፍ ካለው ይህ ጥሩ ነው። ወገብህ ላይ ሴፍቲ ቤልት፣ ከእሱ ሁለት አጭር ገመዶች፣ ጫፋቸው ላይ የሚቆለፍ ካራቢነር፤ ማለት የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ። አንዱን ከግንዱ ዙሪያ አስረህ ትወርዳለህ። ቅርንጫፍ መንገድ ሲዘጋብህ ሁለተኛውን ከቅርንጫፉ በታች ታስርና የመጀመሪያውን ትፈታለህ። ያለ አንዱ ገመድ የምትቆይበት ቅጽበት አይኖርም። ቀርፋፋ ነው፣ ያሰለቻል። ግን ልምድ የሌለው ሰው ሊሠራው ይችላል። ገመዱ እንዳይላላ ብቻ ተጠንቀቅ። ሁለት ሜትር የላላ ገመድ ሁለት ሜትር ካወደቀህ በኋላ ነው የሚይዝህ፤ ያን ጊዜ ወገብህን ይሰብረዋል።

በግንዱ ዙሪያ በአንድ ገመድ

የመብራት ምሰሶ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት ገመዱን በግንዱና በወገብህ ዙሪያ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ መውረድ ነው። ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ለማንጎ አልመክረውም። ይህ ገመድ እጅህን ነፃ ያደርግልሃል እንጂ እግርህ ከተንሸራተተ አያቆምህም፤ ግንዱን ይዞ ከአንተ ጋር አብሮ ይወርዳል። እግርህ የሚቆምበት ነገር ከሌለ ተወው።

በገመድ መውረድ

የዘገየሁት እዚህ ለመድረስ ነው። ያልተገረዘ ማንጎ ከ20 ሜትር በላይ ያድጋል። እንዲህ ባለ ዛፍ ላይ ሰውነትን የሚያሳርፍ፣ ደረትም የማይልጥ አወራረድ በገመድ ነው። ችግሩ ሕይወትህ በሙሉ አንድ ቅርንጫፍና አንድ ገመድ ላይ ማረፉ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የምትመርጠው ዕቃው ሙሉ ከሆነና መሬት አጠገብ ከተለማመድክ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አምስት ጊዜ ውረድ። የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቢቆም ደግሞ እሰየው።

ዕቃው ይህ ነው። ገመዱ ለከፍታ ሥራ የተሠራ፣ ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ክር ውጪው ሽፋን የሆነ፣ ብዙ የማይለጠጥ ይሁን። ማሸጊያው ላይ ኢኤን 1891 (EN 1891) የሚል የአውሮፓ ደረጃ ይጻፍበታል። ቀፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ በሜትር እየተለካ የሚሸጠው ሰማያዊና ቢጫ ፕላስቲክ ገመድ አይሆንም። እሱ የአይሱዙ ጭነት ማሰሪያ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የድሬ ፀሐይ ደግሞ አይምርም። በ160 ዲግሪ አካባቢም ይቀልጣል፤ ብረት ላይ እየተፋተገ የሚወርድ ገመድ ደግሞ ይግላል።

ሴፍቲ ቤልቱ ሆድህ ላይ ቀለበት ያለው መሆን አለበት። ሕንፃ ሥራ ላይ የሚታየው አብዛኛው ቤልት ቀለበቱ ጀርባ ላይ ነው። እሱ ስትወድቅ ይይዝሃል እንጂ ልትወርድበት አትችልም፤ እጅህ ጀርባህ ጋ አይደርስም። ካራቢነሮቹ የሚቆለፉ ይሁኑ፣ 22 ኪሎ ኒውተን ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይጻፍባቸው። ይህ 2,200 ኪሎ ያህል ክብደት ማለት ነው። ቁልፍ ማንጠልጠያ ተብሎ የሚሸጠው የሚያምር ካራቢነር ለቁልፍህ ይሁን።

የመውረጃው ብረት የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ነው። ታወር ላይ "ስምንት ቁጥር" እንለዋለን። እጅ ስትለቅ በራሱ የሚቆም መሣሪያም አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። በስምንት ቁጥር የምትወርድ ከሆነ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ገመድ የተሠራ አጭር ቀለበት የግድ ያስፈልግሃል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል።

1. ማንጎውን አስቀድመህ አውርድ። ጆንያውን ወገብህ ላይ አስረህ መውረድ የሚባል ነገር የለም። በሌላ ቀጭን ገመድ ቀስ ብለህ ወደ ታች ልቀቀው። ማጭድህም ገጀራህም ከጆንያው ጋር ይሂድ።

2. አሁንም በሁለተኛው መንገድ ባየነው አጭር ገመድ ከግንዱ ጋር ታስረሃል። ከራስህ ከፍ ብሎ ሕይወት ያለው፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ምረጥ። ገመዱ ግንዱን ተጠግቶ፣ መጋጠሚያው ላይ ይረፍ፤ ወደ ጫፉ አይራቅ። ስሩ ላይ ያልነቃነቅከው ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ይሰበራል።

3. ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አሻግረህ እጥፍ አድርገው። መሃሉን ቀደም ብለህ በቀለም ክር ምልክት አድርግበት፤ ምልክቱ ቅርንጫፉ ላይ ይሁን። ሁለቱም ጫፎች መሬት መንካታቸውን ከታች ያለው ሰው ጮክ ብሎ ይንገርህ። አሥር ሜትር ላይ ከተንጠለጠልክ ቢያንስ 23 ሜትር ገመድ ይፈልጋል። ሁለቱም ጫፎች ላይ ገና መሬት ሳለህ ወፈር ያለ ቋጠሮ አድርግ፤ ገመዱ ቢያጥር ከብረቱ እንዳያመልጥ።

4. ከታች ያለው ሰውና አንድ ጓደኛው ሁለቱን ገመድ አንድ ላይ ይዘው ይንጠልጠሉበት። አንተ ግንዱ ላይ ታስረህ ቅርንጫፉን ተመልከት፣ አዳምጥ። ከተንቋቋ ሌላ ቅርንጫፍ ፈልግ።

5. ሁለቱንም ገመድ በስምንት ቁጥሩ ውስጥ አሳልፍ። ይህን ደግሜ ልበለው፤ ሁለቱንም። አንዱን ብቻ ካስገባህ ሌላው ቅርንጫፉ ላይ ይሮጥና አንተም አብረህ ትወርዳለህ። ብረቱን ሆድህ ላይ ካለው ቀለበት በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንካራ ማያያዣ አርቀው። ደረትህ ፊት ይቀመጣል።

6. አጭሩን ባለ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከብረቱ በታች ሁለቱንም ገመድ አንድ ላይ አራት ጊዜ ጠምጥምበት። ሁለቱን ጫፎቹን ካራቢነር ውስጥ አስገባና ሆድህ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ቆልፍ። የዚህ ዓይነት ጥምጥሞች አባት የሚባለው የኦስትሪያው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ቋጠሮ ነው፤ እስካሁን በስሙ ፕሩሲክ ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ እጅህ ቢለቅ ገመዱን ጨብጦ ያቆምሃል። ጥምጥሙ ተወጥሮ ወደ ላይ ሲሳብ ብረቱን መንካት የለበትም። ከነካ ብረቱ ይፈታዋል። አሁኑኑ ስበህ እይ፤ ከደረሰ ቀለበቱን አሳጥር።

7. ከመፍታትህ በፊት በገመዱ ላይ ተቀመጥ። አጭሩ ገመድ አሁንም ግንዱ ላይ ነው። ክብደትህን በሙሉ ልቀቅበት፣ ሁለት እጅህን ወደ ጎን ዘርጋ። ጥምጥሙ ከያዘህ ጥሩ። የቤልትህን መቆለፊያ፣ እያንዳንዱን ካራቢነር፣ ጨርቅህን በእጅህ እየነካህ እይ። ከዚያ ብቻ አጭሩን ገመድ ፍታ። ታወር ላይ ይህን ስናደርግ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቆጥር ነበር። መጀመሪያ ያስቃል፣ በኋላ ይለመዳል።

8. ቀኝ እጅህ ከጥምጥሙ በታች ገመዱን ከዳሌህ አጠገብ ይዞ ይልቀቅ። ግራ እጅህ ጥምጥሙን ከላይ ጫን እያለ ያውርደው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ይጨብጣል። ጥምጥሙን ጨብጠህ ከያዝከው አይሠራም፤ አብሮህ ይወርዳል። በልምምዱ ጊዜ "ደነገጥኩ" በልና ግራ እጅህን ክፈት። እጅህ እስኪለምደው ደጋግመው።

ፍጥነቱን በተመለከተ ከሐረር ወደ ድሬ ደንገጎን የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር አስብ። ጎበዙ በከባድ ማርሽ ቀስ ይላል። ቸኩሎ ፍሬን ላይ የቆመው ታች ሲደርስ ጎማው ይሸታል። አንተም ቸኩለህ ከወረድክ ብረቱ ይግላል፣ የገመዱ ሽፋን ይቀልጣል። እግርህን ከፈት አድርገህ፣ ግንዱን እየረገጥክ፣ እንደምትራመድ ውረድ። አትዝለል፤ ዝላይ ቅርንጫፉን ይመታዋል።

መሬት ስትደርስ ብረቱን ቶሎ ከገመዱ አውጣ፤ ትኩስ ብረት ገመድ ላይ አይቆይም። ገመዱን ከመሳብህ በፊት የጫፎቹን ቋጠሮ ፍታ። ይህን የረሳ ሰው ቋጠሮው ቅርንጫፍ ላይ ተይዞበት ገመዱን ለመፍታት እንደገና ይወጣል። አንድ ጫፍ በቀስታ ሳብ፣ "ገመድ!" በል፣ ቁልቁል የሚመጣውን በፊትህ አትቀበል።

መሃል ላይ ብትቀር

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥምጥሙ ከልክ በላይ መጨበጡ ነው። ቢላዋ አታውጣ። ክብደት የተሸከመ ገመድ በስለት ገና ሲነካ ይበጠሳል፤ አጭሩን ቀለበት እቆርጣለሁ ስትል ዋናውን ታገኘዋለህ። ከታች የተንጠለጠለውን ገመድ አንድ እግርህ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥመህ በሌላው እግርህ ረግጠህ ያዘው። ቆምክበት ማለት ነው። ክብደትህ ከጥምጥሙ ላይ ሲነሳ ይላላል።

ደክሞህ ከሆነም ዝም ብለህ አትንጠልጠል። ቤልት ላይ ሳይንቀሳቀሱ መንጠልጠል ደም እግር ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። እግርህን አንቀሳቅስ፣ ግንዱን ግፋ። ከታች ያለው ሰው መልስ ካጣ የሚጠብቀው ነገር የለም። መሰላሉን ማቅረብና እርዳታ መጥራት አለበት።

ሰው ከወደቀስ? በእኛ ከተማ የመጀመሪያው ነገር አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ማጠፍ ነው። ደግ ልብ ነው፣ ግን አከርካሪውን ሊበጥስ ይችላል። አንገቱን ከራሱ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አታንቀሳቅሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ። መንቀሳቀስ የግድ ከሆነ ሰፊ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ላይ አድርጋችሁ ብዙ ሆናችሁ አንሱት።

ገመዱን ስትመልስ

የማንጎ ሙጫ ሲደርቅ ገመዱን እንደ ሽቦ ያደርገዋል። በለብ ያለ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠበው፤ በረኪና አይነካውም። ጥላ ውስጥ ይድረቅ እንጂ ቆርቆሮ ላይ አይሰጣ። ከመጠቅለልህ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትህ መሃል አሳልፈው። የለሰለሰ፣ ያበጠ፣ የቀለጠ ወይም ውስጡ የታየ ቦታ ካገኘህ እዚያ ላይ ቁረጠው። ቁራጩ ለፍየል ማሰሪያ ይሆናል።